የ1987ቱ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች አድማና የዋሽንግተን ዋንጫ፦ «አድማ አያዋጣም» ለሚለው ክርክር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምሠራውም ዋሽንግተን ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ነው። የኅብረት ስምምነታችን ሊያበቃ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ ሠራተኛውም አድማ እንምታ፣ አንምታ በሚል ለሁለት ተከፍሏል። አንድ ነባር ባልደረባችን፣ የዋሽንግተን የፉትቦል ቡድን የልብ ደጋፊ ነው፣ ሁልጊዜ የሚያነሣው አንድ ምሳሌ አለው። በ1987 ተጫዋቾቹ ደመወዝ ይጨመርልን ብለው አድማ መቱ፣ ሊጉ አባረራቸውና ሌሎች ሰዎች አስገባ፣ ዋሽንግተንም በእነዚያ ሰዎች ዋንጫ በላ፣ አድመኞቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ዝነኞቹ ያልቻሉትን እኛ ከየት አምጥተን እንችላለን ይላል። የሚለው እውነት ነው? ዋንጫውስ በአድማ ሰባሪዎች የተገኘ ከሆነ እንደ ዋንጫ ይቆጠራል?»

ምላሽ፦ ባልደረባዎ ከተናገሯቸው አራት ነገሮች ትክክል የሆነው አንዱ ነው፤ እሱም በከፊል። ተጫዋቾቹ በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ አንድም ስምምነት ሳይፈርሙ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ነገር ግን አድማው የተመታው ለደመወዝ ጭማሪ አልነበረም፤ ሊጉ (ኤንኤፍኤል) አድመኞቹን አላባረረም፤ ዋንጫውን የበሉትም ተተኪዎቹ አይደሉም። «ባዶ እጃቸውን ተመለሱ» የሚለውም ታሪኩ የት ላይ እንደሚቋረጥ ይወሰናል። በ1987 ካቆምነው አድማው ሽንፈት ነው፤ እስከ 1993 ከተከተልነው ግን ሌላ መልክ ይይዛል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከምክንያቱ እንጀምር፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ውጤቱን መመዘን አይቻልምና። ዋናው ጥያቄ የነፃ ዝውውር መብት ነበር። በአሜሪካ ፉትቦል አንድ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ቡድኑን እሱ አይመርጥም፤ ቡድኖቹ ድራፍት በሚባለው ሥርዓት ተራ በተራ ይመርጡታል። በዚያ ዘመን ደግሞ ውሉ ሲያልቅም እንኳ ነፃ አይወጣም ነበር። ሌላ ቡድን ሊወስደው ቢፈልግ የቀድሞው ቡድን ተመሳሳይ ክፍያ አቅርቦ የማስቀረት መብት ነበረው፤ አላስቀርም ቢል እንኳ አዲሱ ቡድን የወደፊት የድራፍት ተራዎቹን በካሳ መልክ ማስረከብ ነበረበት። የአውሮፓን እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ በፊት በአውሮፓም ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክፍያ አይለቀቅም ነበር። በአሜሪካ ግን ካሳው እጅግ ከባድ ስለነበር ከ1977 በኋላ ለ11 ዓመታት በዚህ መንገድ ቡድን የቀየረ አንድም ተጫዋች አልታየም። ዝምታውን የሰበረው በ1988 ከቺካጎ ወደ ዋሽንግተን የሄደው ዊልበር ማርሻል ሲሆን፣ ዋሽንግተን ለእሱ ሲል ሁለት የአንደኛ ዙር የድራፍት ተራዎችን ሰጥቷል።

የቡድን ባለቤቶቹ ይህን ሥርዓት አጥብቀው የያዙት በጥላቻ ሳይሆን በሒሳብ ነው። በ1987 የጀመረው የሦስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሲሆን፣ ገንዘቡም ለ28ቱ ቡድኖች እኩል ይከፋፈል ነበር። ያሸነፈም የተሸነፈም ከዚያ ማሰሮ የሚቀዳው እኩል ከሆነ፣ አንዱ ባለቤት የሌላውን ኮከብ በውድ ዋጋ ለመንጠቅ የሚገፋፋው ምክንያት ትንሽ ነው። ነፃ ዝውውር ቢፈቀድ ግን ባለቤቶቹ እርስ በርሳቸው መጫረት ይጀምራሉ። የተጫዋቾቹ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ጂን አፕሾው ራሳቸው ለኦክላንድ ሬይደርስ ለረጅም ዓመታት የተጫወቱ ሰው ስለነበሩ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ለአንድ ዓመት የሚሰጥ ጭማሪ ሥርዓቱን እንደማይነካው ስለተረዱ ጥያቄያቸውን በመብቱ ላይ አደረጉ። ጡረታን፣ የውል ዋስትናንና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራን የሚመለከቱ ጥያቄዎችም በድርድሩ ውስጥ ነበሩ፤ ድርድሩን ያሰናከለው ግን ነፃ ዝውውሩ ነው።

የኅብረት ስምምነቱ ኦገስት 31 ቀን 1987 አበቃ። ተጫዋቾቹ የውድድር ዘመኑን ጀምረው ሁለት ሳምንት ከተጫወቱ በኋላ ሴፕቴምበር 22 ቀን አድማ መቱ። ከአምስት ዓመት በፊት በ1982ም በተመሳሳይ ጊዜ አድማ መትተው ነበር፤ ያኔ ሊጉ ለ57 ቀናት ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ የውድድር ዘመኑ ወደ ዘጠኝ ጨዋታ ወርዷል። ማኅበሩ ያ ይደገማል ብሎ ጠበቀ፤ ስሌቱ የተሳተውም እዚህ ላይ ነው። ባለቤቶቹ ከ1982 የተማሩት ስታዲየም ተዘግቶ ካሜራ ሲጠፋ እነሱም እንደሚጎዱ ነው። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ አስቀድመው ተዘጋጁ፤ በዝግጅት ካምፕ ከተሰናበቱ ተጫዋቾች ጋር አድማ ቢነሣ ተመልሰው እንዲመጡ ተስማምተው ነበር። የሦስተኛው ሳምንት ጨዋታዎች ተሰረዙ፤ በዚያች አንድ ሳምንት ውስጥ 28ቱም ቡድኖች ተተኪ ተጫዋቾችን ሰብስበው ከኦክቶበር 4 ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት 42 ጨዋታዎችን አካሄዱ። ውጤቶቹም ሙሉ በሙሉ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ተቆጠሩ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ማሰራጨታቸውን አላቋረጡም፤ ጥራቱ ቢወርድም ገቢው አልደረቀም፤ የነባሮቹ ደመወዝ ደግሞ አይከፈልም ነበር። የአድማው ዕጣ የተወሰነው በሜዳ ላይ ሳይሆን በዚህ ሒሳብ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ሊጉ አባረራቸው» የሚለው አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ከ11 ሺህ በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን ማሰናበታቸው በአሜሪካ ሠራተኛ አእምሮ ውስጥ ተቀርጾ ቀርቷል፤ እነዚያ ግን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ስለነበሩ አድማ መምታት በሕግ የተከለከለባቸው ናቸው። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ግን ሕጋዊ አድማ በመምታቱ ሊሰናበት አይችልም። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1938 ማኬይ ሬዲዮ በሚባለው ጉዳይ እንደወሰነው፣ አድማው ለደመወዝና ለሥራ ሁኔታ የተመታ ከሆነ አሠሪው ሥራው እንዳይቆም ሌላ ሰው ሊቀጥር ይችላል፤ ያን ሰው በቋሚነት ቢቀጥረው ደግሞ አድመኛው ሲመለስ ቦታው ተይዞ ሊያገኘው ይችላል። የፉትቦል ባለቤቶች ተተኪዎቹን በቋሚነት አልቀጠሩም፤ ሊያደርጉትም አይችሉም ነበር፤ ተመልካቹ የሚከፍለው እንደ ሳን ፍራንሲስኮው ጆ ሞንታና ያሉ ኮከቦችን ለማየት ነውና። ተተኪዎቹ ለእነሱ ጊዜ መግዣ ነበሩ።

አሁን ወደ ዋሽንግተን እንምጣ፤ ያኔ ሬድስኪንስ፣ ዛሬ ኮማንደርስ ወደሚባለው ቡድን። ባልደረባዎ ቡድኑን የሚወዱ ከሆነ ሊኮሩበት የሚገባው ነገር እነሱ ከሚሉት ተቃራኒ ነው። በ28 ቡድኖች ውስጥ ከነባሮቹ አንድም ሰው አድማውን ጥሎ ያልገባበት ቡድን ዋሽንግተን ብቻ ነበር። በሌሎች ቡድኖች የሆነውን ያስቡ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ሞንታና ገባ፣ በሲያትል ስቲቭ ላርጀንት ገባ፣ በዳላስ ቶኒ ዶርሴትና ራንዲ ዋይት ገቡ፣ በኒው ዮርክ ጃያንትስ ሎውረንስ ቴይለር እንኳ በመጨረሻው ሳምንት ገባ። የዋሽንግተን አሰልጣኝ ጆ ጊብስ ለተጫዋቾቻቸው የሰጡት ምክር የምታደርጉትን ሁሉ አንድ ላይ አድርጉት የሚል ነበር፤ ተጫዋቾቹም ቃሉን ጠብቀው 24ቱን ቀናት በሙሉ ውጭ ቆዩ።

አድመኞቹ ውጭ ሳሉ ቡድኑ በተተኪዎች ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ሦስቱንም አሸነፈ፤ ይህ እውነት ነው። ሥራ አስኪያጁ ቦቢ ቤታርድና ረዳታቸው ቻርሊ ካሰርሊ ዝርዝራቸውን አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር፤ ጊብስም እነዚያን ሰዎች እንደ እውነተኛ ቡድን አሠለጠኗቸው። ኦክቶበር 4 ቀን በአርኤፍኬ ስታዲየም 28 ሺህ ሰው ብቻ ተገኝቶ፣ ከመቀመጫዎቹ ግማሽ ያህሉ ባዶ ሆነው፣ ሴንት ልዊስ ካርዲናልስን 28 ለ 21 አሸነፉ። በዚያ ቀን አንቶኒ አለን የሚባል ተጫዋች በሰባት ቅብብል 255 ያርድ ተቀብሎ የቡድኑን ክብረ ወሰን ሰበረ። በሳምንቱ ያለፈውን ዓመት የዋንጫ ባለቤት ጃያንትስን 38 ለ 12 ረቱ። ሦስተኛው ግን የተለየ ነበር።

ያ ጨዋታ ኦክቶበር 19 ቀን ሰኞ ማታ በዳላስ ተካሄደ። አድማው ከአራት ቀን በፊት ሐሙስ ዕለት አብቅቷል፤ ነባሮቹ ለመጫወት ተመልሰዋል፤ ነገር ግን ባለቤቶቹ ለዚያ ሳምንት ጨዋታ የሚመዘገቡት እስከ ረቡዕ የገቡት ብቻ ናቸው ብለው ስለነበር ከሜዳም ከክፍያም ታገዱ። (ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ከዓመታት በኋላ ይህን ሕገ ወጥ ብሎ ለተጫዋቾቹ ፈርዷል።) ስለዚህ በአንድ ወገን ዶርሴትን፣ ራንዲ ዋይትንና ኳርተርባኩን፣ ማለትም ጥቃቱን የሚመራውን፣ ዳኒ ዋይትን ያሰለፈው ዳላስ ቆመ፤ በሌላው ወገን ከነባሮቹ አንድም የሌለበት የዋሽንግተን ስብስብ ቆመ። የዋሽንግተን ኳርተርባክ ኤድ ራበርት ገና በጨዋታው መጀመሪያ ተጎድቶ ሲወጣ ቦታውን የያዘው የእስር ቅጣቱን እየጨረሰ በሥራ ፈቃድ የወጣ ወጣት ነበር። ጨዋታው 13 ለ 7 በዋሽንግተን አሸናፊነት ተጠናቀቀ። በማግስቱ ሥራ ያልነበራቸው እነዚያ ሰዎች ያደረጉትን እኔ አላቃልለውም፤ ቡድኑም በ2018 የሻምፒዮንነት ቀለበት ሰጥቷቸዋል፤ 30 ዓመት መዘግየቱ እንጂ ማግኘታቸው ተገቢ ነው።

ዋንጫው ግን የእነሱ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። ዋሽንግተን የውድድር ዘመኑን 11 አሸንፎ 4 ተሸንፎ ጨረሰ፤ የተተኪዎቹን ሦስት ድል ብንቀንስ ነባሮቹ 8 አሸንፈው 4 ተሸንፈዋል። ሒሳቡ ቅን እንዲሆን በዋሽንግተን ምድብ ካሉት ከሌሎቹም ቡድኖች ላይ እንቀንስ። ፊላደልፊያ በተተኪዎች ሦስቱንም ስለተሸነፈ ከ7 ድልና 8 ሽንፈት ወደ 7 ድልና 5 ሽንፈት ይሻሻላል፤ ጃያንትስም እንዲሁ ከ6ና 9 ወደ 6ና 6 ይመጣል፤ ካርዲናልስ 6ና 6፣ ዳላስ 5ና 7 ይሆናሉ። የተተኪዎቹ ጨዋታ ጨርሶ ባይቆጠርም ዋሽንግተን የምድቡ አንደኛ እንደሆነ ይቀጥላል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ከሰፊ ወደ አንድ ጨዋታ መጥበቡ ብቻ ነው። ሊጉ ከሚከፈልባቸው ሁለት ጎራዎች የዋሽንግተን በሆነው በኤንኤፍሲ በኩል ወደ ጥሎ ማለፉ የገቡት አምስቱም ቡድኖች፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ቺካጎ፣ ሚኒሶታና ዋሽንግተን፣ በዚህ አቆጣጠርም ያልፋሉ። እርግጥ እነዚያን ሦስት ሳምንታት ነባሮቹ ቢጫወቱ ምን ይሆን እንደነበር ይህ ቅነሳ አይነግረንም፤ በተለይ ፊላደልፊያ የሚቆጭበት ምክንያት አለው። ነገር ግን «ዋሽንግተን ያለ አድማ ሰባሪዎች እዚያ አይደርስም ነበር» የሚለውን አባባል ቁጥሩ አይደግፈውም።

ከዚያ ያለው መንገድ ሁሉ የነባሮቹ ነው። ቺካጎን በሜዳው 21 ለ 17፣ ሚኒሶታን 17 ለ 10 አሸንፈው ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 ሳን ዲዬጎ ላይ ሱፐር ቦውል በሚባለው የዋንጫ ጨዋታ ከዴንቨር ጋር ተገናኙ። በመጀመሪያው ሩብ 10 ለ 0 ተመርተው በሁለተኛው ሩብ ብቻ 35 ነጥብ አስቆጠሩ፤ ጨዋታው 42 ለ 10 አለቀ። የጨዋታው ኮከብ የተባለው ዳግ ዊልያምስ አራት የታችዳውን ኳስ፣ ማለትም ከተጋጣሚ የመጨረሻ መስመር አልፎ ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ፣ አቀብሎ 340 ያርድ አስመዘገበ፤ በሱፐር ቦውል ቡድኑን እየመራ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክም ሆነ። ይህ ሰው 24ቱን ቀናት ከጓደኞቹ ጋር አድማ ላይ ከቆዩት አንዱ ነው። የልብ ደጋፊ የሆነ ሰው ይህን እያወቀ ዋንጫውን የአድማ ሰባሪዎች ነው ሲል ልቤ ይቆረጣል። ቡድኑ በ1982ቱ የአድማ ዓመትም ዋንጫውን ወስዷል፤ ሁለቱም ከአድማ ዓመት የተገኙ መሆናቸው በአጋጣሚ ብቻ ነው ብዬ አላስብም፤ በክፉ ቀን ያልተበተነ ቡድን ሲመለስም አብሮ ይመለሳል። ከቂም ጋር የተመለሱት ሌሎች ቡድኖች ውስጥ የሆነውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ አድማው ራሱ ለምን ተሸነፈ? ተተኪዎቹ በጣም ጎበዞች ስለነበሩ አይደለም። በመጀመሪያ ማኅበሩ አባላቱን የሚያቆይበት የአድማ መጠባበቂያ ገንዘብ አልነበረውም። ተጫዋቾቹ የሚከፈላቸው በጨዋታ ሲሆን ከ16 ክፍያዎች አራቱን አጥተዋል፤ የዓመት ገቢያቸውን ሩብ ማለት ነው። የአንድ ተጫዋች የሥራ ዕድሜ ደግሞ በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ላለ ሰው ሩብ ዓመት መልሶ የማይገኝ ሀብት ነው። ሁለተኛ፣ የአባላቱ ጥቅም አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዳንድ የዳላስ ተጫዋቾች በግል ውላቸው የተገባላቸውን የወደፊት ክፍያ ልታጡ ትችላላችሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ገብተዋል። ሦስተኛና ዋናው፣ የማኅበሩ መሪዎች ሥራው ያለ እኛ ይቆማል ብለው አሰቡ፤ አልቆመም። በፊላደልፊያ የሌሎች ሙያዎች ማኅበራት አባላት ስታዲየሙን ስለከበቡ ጨዋታውን ያየው 4,074 ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ትልቅ የትብብር ቀን ነበር። ነገር ግን የባለቤቶቹ ዋና ገቢ ከመግቢያው በር ሳይሆን ከካሜራው ይመጣ ስለነበር ባዶ ስታዲየም ብቻውን አላንበረከካቸውም።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ማኅበሩ አድማውን ባቆመበት ቀን ሚኒያፖሊስ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ ክሱም ቡድኖቹ ተስማምተው የሠራተኛን ገበያ መዝጋታቸው የፀረ ሞኖፖሊ ሕግን ይጥሳል የሚል ነበር። በ1989 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ተጫዋቾቹ በማኅበር እስከተወከሉ ድረስ ጉዳዩ በሠራተኛ ሕግ እንጂ በፀረ ሞኖፖሊ ሕግ አይታይም ብሎ ወሰነባቸው። አፕሾውና ባልደረቦቻቸው ያን ጊዜ የወሰዱት እርምጃ በሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ ከማውቃቸው ሁሉ ደፋሩ ነው፤ ማኅበሩን የመደራደር ውክልናውን አስትተው ወደ ሙያ ማኅበርነት ቀየሩት። ውክልናው ሲነሣ የሊጉ የሕግ ጋሻም አብሮ ተነሣ። በሴፕቴምበር 1992 በፍሪማን ማክኒል ስም በተጠራው ክስ የፍርድ ሸንጎው አባላት የሊጉን የዝውውር ደንብ ሕገ ወጥ አሉት። በሬጂ ዋይት ስም የቀረበው ቀጣይ ክስ በስምምነት ተዘግቶ በ1993 ነፃ ዝውውር ጸደቀ፤ ማኅበሩም ውክልናውን መልሶ ያዘ። ሬጂ ዋይት ራሱ በዚያው ዓመት በነፃነት ፊላደልፊያን ለቆ ግሪን ቤይ ገባ። ባለቤቶቹ በልዋጩ ያገኙት የደመወዝ ጣሪያ ሲሆን፣ በ1994 ሲጀመር ለአንድ ቡድን 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ በ1987 የተጠየቀው በ1993 ተገኝቷል፤ ያስገኘው ግን አድማው ሳይሆን ፍርድ ቤቱ ነው። የ1987 ሽንፈት ያደረገው ነገር ቢኖር መሪዎቹን ወደዚያ መንገድ መግፋቱ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ የሥራ ቦታ ስመለስ፣ ከሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች ጋር አልስማማም። «ተጫዋቾቹ ተሸነፉ፣ ስለዚህ እኛም እንሸነፋለን» የሚለው አይያዝም፤ «ተጫዋቾቹ በመጨረሻ አሸነፉ፣ ስለዚህ እኛም እናሸንፋለን» የሚለውም አይያዝም። ተጫዋቾቹን ያዳነው የፀረ ሞኖፖሊ ክስ ለእናንተ የለም፤ እናንተን ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ እንዳትሄዱ የሚያግድ የአሠሪዎች የጋራ ደንብ የለምና። በሌላ በኩል ደግሞ ሊጉ ሞንታናን በቋሚነት ሊተካ አይችልም ነበር፤ መኪና ማቆሚያ ግን ተተኪ ለማሠልጠን ብዙ ቀን አይፈጅበትም። በዚህ ነጥብ ላይ የእናንተ አደጋ ከተጫዋቾቹ ይበልጣል፤ ይህን ለአባላቱ የማይናገር መሪ በእነሱ እንጀራ ላይ እየቀለደ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ስምምነታችሁ ሳያበቃ አድማ መምታት የለባችሁም፤ አብዛኛው የኅብረት ስምምነት በዘመኑ ውስጥ አድማን የሚከለክል አንቀጽ ስላለው ከዚያ በፊት የወጣ ሠራተኛ ከሥራ ሊሰናበት ይችላል። አድማው ለደመወዝ ብቻ ከሆነ በቋሚነት ልትተኩ ትችላላችሁ፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ ለመመለስ ከጠየቃችሁ ቦታ ሲከፈት ቅድሚያ ይኖራችኋል፣ ሆኖም ቦታው መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። አሠሪው በቅን ልቦና አለመደራደርን ወይም የማኅበር አባላትን ማስፈራራትን የመሰለ ሕገ ወጥ ድርጊት ፈጽሞ አድማው በዚያ ምክንያት ከተመታ ግን በቋሚነት መተካት አይፈቀድለትም። ልዩነቱ የቤተሰብ ኪራይ የሚወስን ልዩነት ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ጀምሮ በድርድሩ የሚባለውን ሁሉ፣ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጨምሮ፣ የሚጽፍ አንድ ሰው መድቡ። የጤና መድንና የሥራ አጥነት ክፍያ በአድማ ጊዜ ምን እንደሚሆንም ጠይቁ፤ ክፍያው ከግዛት ግዛት ይለያያል።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። አድማ የመምታት ሥልጣን ለተደራዳሪ ኮሚቴው ይሰጥ የሚለውን ድምፅ ደግፉ፤ ይህ ሥልጣን በእጁ የሌለ ተደራዳሪ ጠረጴዛው ላይ የሚሰማው የለም። አድማውን ራሱን ግን ሦስት ነገሮች በእጃችሁ ሳይገቡ አትምቱ። አንደኛው ቢያንስ የሁለት ወር ኪራይና አስቤዛ የሚሸፍን መጠባበቂያ ነው፤ ማኅበሩ ገንዘቡ ከሌለው አባላቱ ከዛሬ ጀምሮ ዕቁብ እንደሚጥሉ ሁሉ ለዚህ ይጣሉ። ሁለተኛው አሠሪው ያለ እናንተ ስንት ቀን መሥራት እንደሚችል የሚያሳይ ሐቀኛ ግምት ነው፤ ገንዘቡ ከወርኃዊ ደንበኞች ውል ነው የሚመጣው ወይስ በየቀኑ ከሚገባው መኪና? የ1987 ተጫዋቾች የገቢው ምንጭ በር ነው ወይስ ካሜራ የሚለውን ባለመለየታቸው ነው የተጎዱት። ሦስተኛው የማኅበሩ ጠበቃ አድማው በሕግ የትኛው ዓይነት እንደሚሆን በጽሑፍ የሚሰጠው መልስ ነው፤ መልሱም ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ለእያንዳንዱ አባል ይድረስ። ስምምነቱ ባበቃ ማግሥት ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካልተሟላ በአሮጌው ውል እየሠራችሁ ድርድሩን ቀጥሉ፤ አድማውንም ለቀጣዩ ወር ስብሰባ አሳድሩት።